ቀላል ሄሊኮፕተር በውኃ ላይ ሲበር፦ ምን ይገጠማል፣ ምን ይለበሳል?

[ምስል፦ ባለአንድ ሞተር ሄሊኮፕተር ከዳርቻው ሲርቅ። ከፍታው በስክሪኑ ጥግ ይነበባል።]

ተራኪ፦ ሞተሩ አሁን ቢጠፋ የብስ ይደርሳል? የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አኔክስ 6 ክፍል 3 ለባለአንድ ሞተር ሄሊኮፕተር ድንበሩን የሚያሰምረው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ሞተር ጠፍቶ በአውቶሮቴሽን፣ ማለትም ከላይ ያለውን የሚሽከረከር ክንፍ (ሮተር) አየሩ ብቻ እያሽከረከረው በመውረድ፣ የብስ መድረስ ከማይቻልበት ርቀት ካለፈ፣ ተንሳፋፊ ከረጢት ሊኖረው፣ የተሳፈረውም ሁሉ የሕይወት አድን ጃኬት ሊለብስ ይገባል። አገሮች የየራሳቸውን ስለሚጨምሩ የምትበሩበትን አገር ደንብ አንብቡ።

[ምስል፦ ከሄሊኮፕተሩ ወደ ዳርቻው የሚወርድ ሰያፍ መስመር።]

ያ ርቀት ቋሚ ቁጥር የለውም፤ ከፍታን ተከትሎ ይረዝማል፣ ያጥራል። ቀላል ሄሊኮፕተር ነፋስ በሌለበት አንድ ሜትር ሲወርድ በግምት አራት ሜትር ወደፊት ይሄዳል። በ1000 ጫማ ላይ ከሆነ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ500 ጫማ ላይ 600 ሜትር ነው። ይህም በወረቀት ላይ ነው። አብራሪው ኮሌክቲቩን (የሮተሩን ክንፎች ማዕዘን የሚቀይረውን ዘንግ) እስኪያወርድ የሚያልፈው ሰከንድና የፊት ነፋስ ይቀንሱታል፤ ዳርቻው ገደል ከሆነ ደግሞ መድረሱ ብቻውን አይጠቅምም። ደመና ዝቅ ብሎ ወደ 500 ጫማ ከወረዳችሁ፣ ከፍ ብላችሁ ስትበሩ ያላስፈለገው ዕቃ አሁን ግዴታ ሆኗል።

[ምስል፦ ስኪዱ (የማረፊያ እግሩ) ላይ የታጠፈ ከረጢት፣ ከዚያ ሲነፋ።]

ከረጢቶቹ በስኪዱ ላይ ታጥፈው ይታሰራሉ፤ አብራሪው ማስነሻውን ሲስብ ከሲሊንደር የሚወጣ ጋዝ ይነፋቸዋል። ከመነሳታችሁ በፊት የሲሊንደሩን ግፊት ከዕለቱ ሙቀት ጋር በሰንጠረዡ አመሳክሩ። ውኃ ላይ ከመግባታችሁ በፊትም የማስነሻው መቆለፊያ መከፈቱን አረጋግጡ። ለመንፋት የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በበረራ መመሪያው ላይ ተጽፏል።

ሞተሩ፣ የማርሽ ሳጥኑና ሮተሩ ከላይ ስለሆኑ ሄሊኮፕተር ውኃ ላይ መገልበጥ ይቀናዋል። እ.ኤ.አ. በማርች 2018 ኒው ዮርክ ኢስት ሪቨር ላይ የወደቀው ኤኤስ350 ከረጢቶቹ ሙሉ በሙሉ ስላልተነፉ ተገለበጠ። በሩ ተከፍቶ ለፎቶ የሚበር ስለነበር ተሳፋሪዎቹ ከመቀመጫ ቀበቶ ሌላ ተጨማሪ መታጠቂያ ነበራቸው፤ አምስቱም ሰጠሙ፣ አብራሪው ተረፈ። እንዲህ ያለ መታጠቂያ ካለ፣ ባለቤቱ ራሱ ዓይኑን ጨፍኖ በአንድ እጅ ሊፈታው ካልቻለ አይብረሩበት።

[ምስል፦ ወገብ ላይ የታሰረ ጃኬት፤ የመሳቢያው ገመድ በቅርበት።]

መቀመጫ ሥር የተቀመጠ ጃኬት ተገልብጦ ለተንጠለጠለ ሰው የለም ማለት ነው። ሌላው ስህተት ለጀልባ የተሠራውን፣ ውኃ ሲነካው ራሱ የሚነፋውን መልበስ ነው። ውስጥ እያላችሁ ከተነፋ ወደ ላይ ይገፋችኋል፤ መውጫው ግን ከታች ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ውስጥ ብዙዎች ጃኬታቸውን ቀድመው ነፍተው መውጣት አቅቷቸዋል። ስለዚህ በእጅ የሚሳበውን ብቻ ልበሱ፤ ገመዱንም የምትስቡት ከወጣችሁ በኋላ ነው። የጋዝ ካርትሪጁን መዝኑት፤ ላዩ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ክብደት ካነሰ ይቀየር።

[ምስል፦ መቀመጫ ላይ ያለ ሰው፤ አንድ እጁ የበሩ ፍሬም ላይ።]

ውኃውን ከመንካታችሁ በፊት በሩን ክፈቱ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ ንቀሉ። አንድ እጅ የመውጫውን ፍሬም ይያዝ፤ እስክትወጡም አይልቀቅ። ሮተሩ እስኪቆም ጠብቁ፣ ከዚያ ቀበቶውን በሌላው እጅ ፍቱ። ቅደም ተከተሉን ካዛባችሁ፣ ቀድሞ የተፈታ ሰው በሚገባው ውኃ ተገፍቶ መውጫው የት እንደሆነ ይጠፋዋል። ውኃው ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ብዙ ሰው ትንፋሹን ከ20 ሰከንድ በላይ አይዝም፤ በገንዳ መለማመድ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

[ምስል፦ በጃኬት ኪስ ያለ ምልክት አስተላላፊ።]

ሄሊኮፕተሩ ላይ የተገጠመው የአደጋ ምልክት አስተላላፊ አብሮ ከሰጠመ ምልክቱ ከውኃ ሥር አይወጣም። በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የግል አስተላላፊ በጃኬቱ ኪስ ይያዝ። አስቀድማችሁ በስማችሁ አስመዝግቡት፤ ስትጠቀሙበትም አንቴናውን ዘርግታችሁ ከውኃው በላይ ወደ ሰማይ አቅኑት።