የነጋዴው ሀቅ፣ የሰራተኛዋ ደሞዝ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ጥሪያችንን አክብራችሁ ስለመጣችሁ አላህ ያክብርልን፣ በጣም ነው ደስ ያለን።

ዛሬ ስለ መቃሲድ እናውራ፣ ሸሪዓ ምን ሊጠብቅ ነው የመጣው የሚለውን ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ አምስት ነገር ቆጥረዋል፣ ሃይማኖት፣ ነፍስ፣ አእምሮ፣ ዘር እና ንብረት፤ ከሳቸው በኋላ የመጡት የግራናዳው ኢማም አሽ-ሻጢቢ ደግሞ እነዚህን መጠበቅ ላይ ሌሎቹም የሃይማኖት ሰዎች ይስማማሉ ብለው ጽፈዋል። እኔ ዛሬ አራቱን ልለፍና ንብረት ላይ ልቁም፣ ቶሎ የምንዘነጋው እሱን ስለሆነ።

መካ ውስጥ፣ ገና ወህይ፣ ማለትም የአላህ ራእይ፣ ለነቢያችን ሳይወርድ፣ ከየመን የመጣ አንድ ነጋዴ ዕቃውን ለአል-ዓስ ኢብኑ ዋኢል ሸጠለት፣ ሰውየው የከተማው ትልቅ ሰው ነው፣ ዕቃውን ወስዶ ገንዘቡን ከለከለው። ነጋዴው እዛ ዘመድ የለው ጎሳ የለው፣ ቢለምን ማን ይስማው፣ በቃ አቡ ቁበይስ ተራራ ላይ ወጥቶ ተበደልኩ ብሎ ጮኸ። ይሄን የሰሙ የመካው ጎሳ የቁረይሽ ሰዎች አብዱላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰብስበው መካ ውስጥ የተበደለ ሰው፣ ያገር ልጅም ይሁን እንግዳ፣ ሀቁ እስኪመለስለት ከጎኑ እንቆማለን ብለው ተማማሉ፣ ሄደውም አስመለሱለት። ሂልፉል ፉዱል የሚባለው ይሄ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በወጣትነታቸው እዛ ነበሩ፣ ነቢይ ከሆኑ በኋላም በእስልምና ዘመን እንኳን ለሱ ብጠራ እሺ እላለሁ ብለዋል። ልብ በሉ፣ የማሉት ሰዎች እኮ ጣኦት አምላኪ ነበሩ!

አረብ ሀገር ሄደው ደሞዛቸው የተያዘባቸው፣ ፓስፖርታቸው የተቀማ እህቶቻችን ሲያለቅሱ ስንሰማ ሁላችንም እንናደዳለን፣ ልክም ነን። እዚሁ ቤታችን ያለችውስ? ከገጠር የመጣች ልጅ፣ ረመዳንን ሙሉ ሱሁር ስታበስል ኢፍጣር ስታቀርብ የከረመች፣ ደሞዟን ስትጠይቅ እኛ ጋ ይቀመጥልሽ፣ አሁን ምን ያደርግልሻል እየተባለች ወር በወር ላይ የሚደራረብባት፣ ሙስሊም ሆነች ክርስቲያን ለውጥ የለውም። ሐዲስ ሰብሳቢው ኢማም ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሰል ቁድሲ፣ ነቢያችን የአላህን ቃል ባስተላለፉበት ሐዲስ ማለት ነው፣ አላህ በቂያማ፣ በፍርድ ቀን፣ ባላጋራ ከምሆንባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሰራተኛ ቀጥሮ፣ አሰርቶ፣ ደሞዙን ያልሰጠ ነው ይላል። ሱብሃነላህ፣ ከአላህ ጋር ተሟግቶ ማን ይረታል?

ስለዚህ ከኢድ በፊት ለድሃ የሚሰጠውን የጾም ፍቺ ምጽዋት፣ ዘካተል ፊጥርን፣ ስታሰሉ ያልተከፈለ ደሞዝ ካለ እሱንም አስሉ፣ በተስማማችሁት ልክ በእጇ ስጧት። ሄዳ ከሆነ ስልኳን አፈላልጋችሁ በቴሌብር ላኩላት፣ ሞታ ከሆነም ለወራሾቿ ነው። ሒሳቡ ላይ ያልተስማማችሁ ካላችሁ ከፕሮግራሙ በኋላ እኔም ኮሚቴዎቹም እዚሁ ነን፣ ከነልጅቷ ኑ፣ አብረን እናስላው።