አግዳሚው ላይ የተጋደመው ሰውዬ

እሺ፣ ስለ እንግሊዞቹ ሁለተኛ አላወራም ብዬ ነበር አይደል? አልቻልኩም። ቱሉ ዲምቱ መብራት ሲጠፋ ያለኝ ስልኬ ላይ ያወረድኩት ቪዲዮ ነው። እሱን ደጋግሜ እያየሁ ስበግን አመሸሁ።

ጄኮብ ሪስ ሞግ። በፈረንጆቹ 2019፣ ሴፕቴምበር 3 ማታ። ያለ ስምምነት ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ አንውጣ ተብሎ ፓርላማው እየታመሰ ነው። ገዢዎቹ ወግ አጥባቂዎች እርስ በርሳቸው ተባልተዋል። የመንግሥትን ሥራ በምክር ቤቱ የሚመራው ደግሞ እሱ ነው። እና ምን ያደርጋል? ሱፉን ግጥም አድርጎ እንደለበሰ የፊት አግዳሚው ላይ ጋደም! እግሩን ዘርግቶ፣ መነጽሩን እንዳደረገ። ከማዶ ይጮሁበታል፣ እሱ እቴ! እዚያ ጋ አቆመውና እንደገና ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። አንተ ሰውዬ፣ ፓርቲህ እኮ ነው!

ያን ማታ የገዛ ፓርቲው 21 ሰዎች መንግሥትን ተቃወሙ። መንግሥት 328 ለ301 ተሸነፈ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰን 21ዱንም ከፓርላማ ቡድኑ አባረራቸው። ከ1970 ጀምሮ እዚያ ያለው ኬን ክላርክ እንኳ! የቸርችል የልጅ ልጅ ኒኮላስ ሶምስም አልቀረለትም።

የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ፣ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ከጆንሰን በፊት የነበረችው ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ከኅብረቱ ጋር ያደረገችው የመውጫ ስምምነት ሲወድቅ 118 ወግ አጥባቂዎች ናቸው መሪያቸው ላይ የዞሩት። የተጋደመውም፣ ራሱ ጆንሰንም እዚያ ውስጥ አሉበት። ማን ነካቸው? ማንም! ልክ እንደ ኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ጋሼ ሊቀመንበር። ሮቶ ሲገዛ መዋጮ አልከፍልም ብሎ ብሎኩን ያመሰው እሱ፣ ዛሬ ሰው ትንሽ ሲዘገይ ስሙን በር ላይ ይለጥፋል። ትናንት ደግሞ ደረጃው ላይ አግኝቶኝ ምን አለኝ... ተዉት፣ ከታች ነው ያለው፣ ይሰማኛል።

ሜይ ታባርራቸው ነበር እንዴ? 118 ሰው አባርረሽ ማን ሊቀርሽ? እንጃ። ግን ደግሞ... ይሄ ነው የማይዋጥልኝ፣ ጆንሰን እነዚያን 21 ለዘብተኞች አባሮ ዲሴምበር ላይ ምርጫውን በ80 ወንበር ብልጫ አሸነፈ። ሠራለት! እኔ ሁልጊዜ መለሳለስ ያዋጣል እያልኩ ስለፈልፍ ታውቁኛላችሁ። ምናልባት ሕዝቡ ብሬግዚት፣ ያ ከኅብረቱ የመውጣት ጣጣ፣ ሰልችቶት ይሆናል እንጂ... ወይም እኔ ነኝ ሰበብ የምፈልገው።

ክላርክን ደግሞ በ2020 ራሱ ጆንሰን ሎርድ፣ ማለትም የላይኛው ምክር ቤት አባል፣ አደረገው። እሱም ተቀበለ፤ ተመልሶ ወግ አጥባቂዎቹ ጋ ቁጭ። መጀመሪያ ሳቅኩ። ኩራት የለህም እንዴ አልኩ። ከዚያ ግን ዕድሜውን ሙሉ የኖረበት ፓርቲ ነው፣ አባራሪው ነው እንግዳው፣ ካላችሁ... አይ፣ እሱም አልተዋጠልኝም። እኔ ብጠራ ግን...