የእግረኛ መንገዱ ሂሳብ በማን ይወራረድ?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። የዛሬው ጉዳዬ ከተሞች አዲስ የእግረኛ መንገድ ሲሠሩ ወጪውን መንገዱ በደጃፋቸው በሚያልፍ ባለንብረቶች ላይ መጫናቸው ነው። በተለይ በአሜሪካ ከተሞች ረጅም ዕድሜ ያስቆጠረ አሠራር ሲሆን፣ መነሻው መንገዱ የቤቱን ዋጋ ከፍ ስለሚያደርገው ተጠቃሚው ወጪውን ይሸፍን የሚል ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ፍትሐዊ ነው፤ እኔን የሚጎረብጠኝ መለኪያው ነው።

ሂሳቡ ብዙ ጊዜ የሚሠላው ግቢው ከመንገዱ ጋር በሚዋሰንበት ርዝመት ነው። እኩል ስፋት ያላቸው ሁለት ግቢዎችን እናስብ፤ አንዱ በሰፈሩ መሃል ሆኖ 15 ሜትር ብቻ ከመንገድ ይዋሰናል፣ ሌላው ማዕዘን ላይ ስለሆነ በአንድ ጎኑ 15፣ በሌላው 30 ሜትር ይዋሰናል። የማዕዘኑ ባለቤት የ45 ሜትር ሂሳብ ይመጣበታል፤ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ሆኖም ሰውየው ሦስት እጥፍ አይራመድም፣ ቤቱም ሦስት እጥፍ አይወደድም። ለማዕዘን ቦታ ቅናሽ የሚያደርጉ ከተሞች አሉ፤ ቅናሹ ግን ራሱ በመለኪያው ላይ የሚመሰክር ይመስለኛል።

ዋጋው ጨመረ የሚባለውም ቤቱ ሲሸጥ ነው። በጡረታ የሚተዳደሩና ቤታቸውን የመሸጥ ሐሳብ የሌላቸው አንዲት እናት እጃቸው የሚገባ ሳንቲም ሳይኖር ክፍያው ይደርስባቸዋል፤ በየዓመቱ ከፋፍለው እንዲከፍሉ ቢፈቀድላቸውም ወለድ ይታሰብበታል፣ ካልከፈሉም ቤቱ የዕዳው መያዣ ነው።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1898 በኦሃዮ የኖርውድ መንደር አስተዳደርና ቤከር የተባሉ ባለመሬት የተከራከሩበትን ጉዳይ ወስኗል። አስተዳደሩ መንገድ ለማውጣት ከወይዘሮዋ መሬት ቆርሶ ወሰደና ካሳ ከፈለ፤ ከዚያም የካሳውን ገንዘብ ከነወጪው በቀረው መሬታቸው ላይ መልሶ ጫነባቸው። (እንዲህ ያለ ድፍረት በጽሑፍ ባይገኝ ማን ያምን ነበር?) ፍርድ ቤቱም ክፍያው ከተገኘው ጥቅም በጉልህ ሲበልጥ፣ ከጥቅሙ በላይ የሆነው ገንዘብ ያለ ካሳ ንብረት እንደመውሰድ ይቆጠራል አለ።

ወደ ቅርቡ ስንመጣ፣ የአሜሪካዋ የዴንቨር ከተማ መራጮች እ.ኤ.አ. በ2022 የእግረኛ መንገድ ኃላፊነት ከየባለንብረቱ ወደ ከተማው እንዲዞርና ወጪው ከሁሉም ባለንብረቶች በሚሰበሰብ ክፍያ እንዲሸፈን ወሰኑ። የሚገርመው፣ ክፍያው መጀመሪያ የታሰበው በዚያው በርዝመት ነበር፤ በኋላ ግን ከተማው ለአብዛኛው መኖሪያ ቤት በዓመት 150 ዶላር ወጥ ክፍያ አደረገው። እኔም የምደግፈው ይህን ነው፤ መንገዱን የሚሄድበት ተማሪው፣ ፖስተኛው፣ አውቶቡስ ለመያዝ የሚጣደፈው ሁሉ ነውና። አዲስ ሰፈር የሚገነባ አልሚ ግን መንገዱን በራሱ ወጪ ቢሠራ አልቃወምም፤ ገዢው ዋጋውን አስቀድሞ አውቆ ይገባበታል።

ከባዱ ጥያቄ ትናንት የደጃፋቸውን ሂሳብ ከፍለው የጨረሱት ሰዎች ጉዳይ ነው። ዛሬ ደግሞ ለጎረቤት መንገድ አዋጡ ሲባሉ ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ አዲሱን ሥርዓት የሚዘረጋ ከተማ የከፈሉትን መጠን መዝግቦ፣ ያ እስኪካካስላቸው ድረስ ከዓመታዊው ክፍያ ነፃ ሊያደርጋቸው ይገባል እላለሁ።