አልነካሁም ብዬ ነበር

እሺ። እየቀዳ ነው? ቀይዋ በርታለች። እየቀዳ ነው።

ዛሬ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ቃል የገባሁላችሁ ርዕስ እንዳለ አልረሳሁም፣ በሚቀጥለው፣ አዎ፣ "በሚቀጥለው"፣ ሳቁ። ግን ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ስነግራችሁ ያስቃል፣ ስለ ሙጫ ነው። ስለ ሱፐር ግሉ። ከማይኩ ጋር የተጣበቀው ሰውዬ ተመለሰ በሉ። ያው እኔ ነኝ። በዚህኛው ምንም ነገር ላይ አልተጣበቅኩም። ማለቴ በአካል።

አውሮፕላኗን ታስታውሳላችሁ። የታላቅ ወንድሜን፣ የወንድም ጋሼን፣ ልጅ ሳለን ጀምሮ ያልጨረሳትን የፕላስቲክ ሞዴል። ጨርሼ እሰጠዋለሁ ብዬ እዚሁ የፎከርኩባትን። አበላሸኋት። ወይ ደግሞ አላበላሸኋትም፣ ገና አልለየልኝም።

መጀመሪያ ክንፏ። እዚህ ላይ መከላከያ የለኝም። ግራ ክንፏ ከሥሩ ወልቆ ነበር። ወፍራሙን ሙጫ መረጥኩ። ቀጭኑ እንደ ውኃ ነው፣ ስንጥቅ ውስጥ እየተሳበ ይገባል፣ ጣት ሥርም ይገባል፣ ክፍተት ግን አይሞላም። ወፍራሙ ጊዜ ይሰጣል። ገጥመህ፣ ራቅ ብለህ አይተህ፣ ትንሽ ገፋ አድርገህ። እና እኔ ሆን ብዬ ጊዜ የሚሰጠውን ሙጫ መርጬ ሳበቃ ምን አደረግኩ? ማፍጠኛውን ስፕሬይ አነሳሁ። ለምን ብትሉኝ፣ እጄ ደከመኛ። አንድ ደቂቃ መያዝ አቃተኝ።

ፍስስ። አንዴ ብቻ። ጣቴ ሥር ሙቀት ተሰማኝ፣ አለቀ። ቀና ብዬ ሳይ ክንፉ ትንሽ ወደ ላይ ሄዷል። ማንም አያየውም። እሱ ግን ያየዋል።

ሰው ሁሉ "ሱፐር ግሉ ይደርቃል" ይላል አይደል? አይደርቅም። እንደ ቀለም ውስጡ ያለው ፈሳሽ ተንኖ አይደለም የሚጠነክረው። ሳይኖአክሪሌት ነው፣ ዕቃው ላይ ያለችው እርጥበት፣ ዓይን የማያያት ስስ እርጥበት፣ እሷ ትቀሰቅሰውና ቅንጣቶቹ አንዱ የሌላውን እጅ እየያዘ ሰንሰለት ይሆናሉ። ጠርሙሱ ውስጥ ትንሽ አሲድ ስላለ ነው ዝም ብሎ የሚቀመጠው። ማፍጠኛው ደግሞ የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ነገር ቶሎ በሚተን ፈሳሽ ተበጥብጦ ነው። ሲነካው ሁሉም ባንዴ ይነሳል። ባንዴ ሲነሳ ይሞቃል፣ አንዳንዴ አረፋ ይሠራል፣ ነጣ ይላል፣ ተሰባሪም ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ትገጥማለህ፣ ልክ መሆኑን ታያለህ፣ ከዚያ ከዳር ተርፎ የወጣውን ለማጠንከር ትንሽ ትረጫለህ። ይህንን እኔ ነኝ ለእናንተ የነገርኳችሁ! ስድስት ጊዜ ያህል! ክፍተት ካለ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ቀጭኑን ጠብ ማድረግ፣ ወዲያው ድንጋይ ይሆናል፣ ያንንም ነግሬያችኋለሁ። በጥጥ ጨርቅ አትጥረጉት፣ ከጥጥ ጋር ሲገናኝ እስኪያቃጥል ይግላል፣ እሱንም ነግሬያችኋለሁ፣ ሱሪዬም ምስክር ነው።

ማስለቀቅስ? አሴቶን ሙጫውን ያላላዋል፣ ግን የአውሮፕላኗን ፕላስቲክም አብሮ ይበላዋል። ፍሪዘር ውስጥ ልክተታት ብዬም አስቤ ነበር። ሲቀዘቅዝ የበለጠ ተሰባሪ ስለሚሆን ሙጫው ቀጭ ብሎ ሊለቅ ይችላል። አልከተትኳትም። የአንድ ሰው ልጅነት ፍሪዘር ውስጥ... ምን አሳቀኝ። ይቅር።

(ዝምታ)

የሙጫውን ታሪክ ነግሬያችሁ አውቃለሁ? 1942 እ.ኤ.አ.፣ ሃሪ ኩቨር የሚባል የኮዳክ ኬሚስት እና ባልደረቦቹ ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልጉ ይህንን ነገር አገኙት። የነካውን ሁሉ እየያዘ አስቸገራቸው፣ ተዉት። 1951 ላይ ፍሬድ ጆይነር የሚባል አብሮት የሚሠራ ሰው ብርሃን እንዴት እንደሚታጠፍበት ለመለካት በመሣሪያው ሁለት ፕሪዝሞች መሀል ቀባው። ተጣበቁ። በጣም ውድ መሣሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ያወራዋል፣ ኩቨር ነገሩ ሙጫ መሆኑ ገባው፣ 1958 ላይ ኢስትማን 910 ተብሎ ገበያ ወጣ። እኔ የማስበው ያችን ደቂቃ ብቻ ነው። ጆይነር ፕሪዝሙን ሊያላቅቅ ሲሞክር። አንዴ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ማንም እንዳላየው ዞር ብሎ፣ ሁለተኛ። "አልነካሁም" ለማለት አስቦ ይሆን?

እሺ። መስታወቱ።

የፓይለቱ መስታወት፣ ያቺ ጥርት ያለችዋ ክዳን፣ ወንድም ጋሼ ያልጨረሳት እሷን ነው። ሌላው ሁሉ አልቆ ነበር። እና ክንፉ ላይ ስፕሬዩ ጉድ ስለሠራኝ እዚህ ላይ ተጠነቀቅኩ። ማፍጠኛ የለም አልኩ፣ ፈሳሹ እንደዚህ ዓይነት ጥርት ያለ ፕላስቲክ ላይ የፀጉር ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላላ። አራት ነጥብ ብቻ፣ በመርፌ ጫፍ። እንዴት እንደኮራሁ! ከዚያ አቧራ እንዳይነካት ብዬ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ፣ ገጥሜ፣ ተኛሁ።

የምታውቁት እየሳቃችሁ ነው አይደል? ያልጠነከረው ሙጫ ይተናል። ትነቱ ደግሞ የትም አይሄድም፣ አጠገቡ ያለ ነገር ላይ አርፎ እዚያው ይጠነክራል። ነጭ ጉም። ስፕሬዩን ስለፈራሁ ቀስ ብሎ ተነነ፣ ሳጥኑን ስለዘጋሁ መውጫ አጣ። ነጩን የእንጨት ሙጫ ብጠቀም ኖሮ ሲደርቅ ጥርት ይል ነበር፣ እሱ በእውነት ይደርቃል፣ የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፣ ጉም አይሠራም።

ጠዋት ክዳኑን ከፈትኩ። ጉም። ይሁን፣ ይጸዳል አልኩ። ወደ መብራቱ ጠጋ አደረግኳት። ከዚያ ከውስጥ በኩል፣ በጉሙ መሀል፣ መስመር አየሁ። ክብ ክብ የሚል መስመር። መጀመሪያ ጭረት መሰለኝ። ዞር አደረግኳት።

የጣት አሻራ ነው። ትንሽዬ።

ይህ እኮ የፖሊስ ሥራ ነው፣ በቀልድ አይደለም። 1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ጃፓን ውስጥ የተጀመረ ነው፣ ዕቃውን ዝግ ሳጥን ውስጥ አስገብተው ሱፐር ግሉ ያተኑበታል፣ ትነቱ ጣት የተወው ላብና ቅባት ላይ ይይዝና አሻራው ነጭ ሆኖ ይወጣል። እኔ አቧራ እንዳይነካት ብዬ ምርመራ አካሄድኩ።

እና የልጅነቱን ታሪክ ታውቁታላችሁ፣ እኔና ወንድም ጋሼ። "ነክተሃል።" "አልነካሁም።" "መስታወቱን ነክተሃል፣ ውስጡን፣ ተመልከት።" "አልነካሁም!" አንተ ትሙት ብዬ ነው የማልኩት። በራሱ። እሱም ብሩሹን አስቀመጠ፣ ሳጥኑን ዘጋ፣ ከዚያ በኋላ ሞዴል ሲሠራ አላየሁትም። በየበዓሉ እንደ ቀልድ ነው የምናነሳው፣ "ሌባ ጣት" ይለኛል፣ እኔም ዛሬም አልነካሁም እላለሁ፣ ሁሉም ይስቃል። እኔ ደግሞ እውነቴን ነው የምለው። ወይም... መካዴን በደንብ አስታውሳለሁ፣ በእያንዳንዱ ቃል። አለመንካቴን ግን፣ አለመንካት እንዴት ይታወሳል? አንድ ያላደረጋችሁትን ነገር አስታውሱ እስቲ።

ቆይ፣ ግን አሁን የነካሁት ሊሆንም ይችላል። ጓንት አድርጌ ነበር፣ የግራው ተቀደደና አወለቅኩት። የጣት ጫፍ በጎን ሲነካ ደግሞ ያንሳል፣ የልጅ ይመስላል። አሻራ ሲያረጅም ይደርቃል፣ የደረቀ አሻራ ለትነቱ ያስቸግራል፣ ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ እንዲህ ጥርት ብሎ... አይመስለኝም። በወረቀት ተጠቅልላ ነበር ግን። ዝግ ሳጥን ውስጥ። አላውቅም።

ትናንት ማታ አጉሊ መነጽር አወጣሁ። አውራ ጣቴን ብርጭቆ ላይ ተጫንኩ፣ አስተያየሁ። ወደ ግራ የሚታጠፍ ዙር፣ እዚህም ወደ ግራ የሚታጠፍ ዙር። ልቤ ደነገጠ። ከዚያ ምን ትዝ አለኝ፣ አሻራ እኮ ከልጅነት እስከ ሽምግልና አይለወጥም፣ መጠኑ ብቻ ነው የሚያድገው። ስለዚህ የእኔ ቢሆንስ ምን አወቅኩ? መቼ እንደሆነ አይነግረኝም። በማስመሪያ መለካት ነው። ማስመሪያው ጠረጴዛው ላይ ነው። ከትናንት ጀምሮ እዚያው ነው።

(ይስቃል)

የማስመሪያ ፈሪ። ይህንን ወደ ቀልዶቻችን ጨምሩት።

ጉሙ ይወለወላል። የፕላስቲክ ማለስለሻ ቅባት አለኝ፣ ለስላሳ ጨርቅም አለኝ፣ ከውጭ በኩል አንዷን ጥግ ሞክሬው ጥርት ብሏል። ውስጡን ለማግኘት ክዳኗን ማንሳት ነው፣ አራት ነጥብ ስለሆነ ትነሳለች። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚያ አሻራም የለም፣ ጉምም የለም፣ የተንጋደደ ክንፍ ብቻ ይቀራል። ለክንፉ "ስፕሬዩ ነው" እለዋለሁ። ስፕሬዩ ነው እኮ። ማለት እኔ ነኝ፣ ግን ስፕሬዩ...

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጻፈልኝ። "እህሳ፣ ደረሰች?" ብሎ።

"እየደረቀች ነው" አልኩት።

ላኩት። ከዚያ አየሁት። ሦስት ቀን የሚደርቅ ሱፐር ግሉ። ስለ ሙጫ መጀመሪያ የነገረኝ እሱ ነው እኮ፣ ይደርቃል አትበል ያለኝም እሱ ነው። አንብቦታል። ምንም አልመለሰም፣ እስካሁን። ምናልባት ሥራ ላይ ይሆናል። ወይ ደግሞ...

ቆይ፣ ስልኩ ነው መሰለኝ። ቆዩኝ እስቲ።