ሸክላው እስኪያልቅ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

የሥራ ሪፖርቱንም ምርጫውንም ለጸሐፊያችን ትቼዋለሁ። እኔ ስለ ማታው ፊልም ላውራ። ዘንድሮ የምናየው ዊሊያም ዌልማን ያዘጋጀውን «ዘ ፐብሊክ ኢነሚ» ነው። ዋርነር ብራዘርስ እ.ኤ.አ. በ1931 ያወጣው፣ አሜሪካ ውስጥ የአልኮል መጠጥ በተከለከለበት ዘመን የነበሩ የቺካጎ ወንበዴዎች ታሪክ ነው።

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጄምስ ካግኒ ቁርስ ላይ የሴት ጓደኛውን ፊት በግሬፕፍሩት ሲመታ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ድምፁ ነው። ከዳር እስከ ዳር የሚናገር የመጀመሪያው ረጅም ፊልም የወጣው በ1928 ነው፤ እሱም የወንጀል ታሪክ ነበር። ያኔ ተዋንያኑ ማይክሮፎን የተደበቀበት ዕቃ ዙሪያ ተሰብስበው ነበር የሚያወሩት። ዌልማን ከሦስት ዓመት በኋላ የት እንዳደረሰው ስሙ።

ፑቲ ኖዝ የሚባል ሰው አለ። ካግኒ የሚጫወተውን ቶምንና ጓደኛውን ማትን በልጅነታቸው ስርቆት ያስለመዳቸው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ጥሏቸው የጠፋ ሰው ነው። ካደጉ በኋላ ቤቱ ድረስ ይከተሉታል። ምን እንደመጣበት ገብቶታል። ይለምናቸዋል። «ያን የድሮ ዘፈን ታስታውሳላችሁ?» በሚል ሁኔታ ፒያኖው ላይ ቁጭ ብሎ ይዘፍናል። ቶም ከጀርባው ሽጉጡን ያወጣል። ይኼኔ ካሜራው ዘወር ይልና በሩ ጋ የቆመውን ማትን ያሳየናል። ተኩስ። ዘፈኑ መሃል ላይ ይቆረጣል። የፒያኖው ቁልፎች በአንድ ላይ ይጮኻሉ፤ ከዚያ ዱብ የሚል ነገር። አንዲት ጠብታ ደም አላየንም፤ የማትን ፊት ብቻ። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ዛሬም ትንፋሼን ያቆመዋል።

በነገራችን ላይ፣ ካግኒ መጀመሪያ የተመደበው ማትን ሆኖ እንዲጫወት ነበር። ቀረጻው ከተጀመረ በኋላ ነው ከኤድዋርድ ዉድስ ጋር የተቀያየሩት። እንኳንም ተቀያየሩ!

ዝናብ ውስጥ ያለውንም ትዕይንት በጆሯችሁ ጠብቁት። ቶም ወደ ውስጥ ሲገባ እኛ ደጅ እንቀራለን።

መጨረሻውን ላላየው ሰው አልናገርም። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። መጨረሻው ላይ ቤት ውስጥ ሸክላ ይዘፍናል። አምና ፊልሙ ሳያልቅ መብራት በርቶ፣ ግማሹ ሰው ኮቱን ፍለጋ ተነሥቶ ነበር። ዛሬ እባካችሁ ሸክላው አልቆ መርፌው ሲንኳኳ እስክትሰሙ ከወንበራችሁ አትነሡ።

ጉባኤያችን መከፈቱን በደስታ አበስራለሁ።