የእማዬ በር

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ የምቀዳው ግቢ ውስጥ ሆኜ ነው። ከጀርባዬ የምትሰሙት የሱሉልታ ነፋስ ነው። ቤት ገብቼ ልቀዳ ብዬ ነበር። ግን የማወራላችሁ ነገር እዚህ ውጭ ቆሟል፤ እሱን እያየሁ ማውራት ይሻለኛል። እጄ ገና ግሪስ ግሪስ ይላል።

ስለ መኪና በር ነው። ስለ ማጠፊያውና ስለ ስቶፐሩ። ስቶፐር የምለው በሩን ሲከፈት ባለበት የሚይዘውን፣ ከልክ በላይ ወለል እንዳይልም የሚያግደውን ብረት ነው። ሁለቱንም ባለፉት ሁለት ቅዳሜዎች ራሴ ፈትቼ ጠገንኳቸው።

መኪናዬ ዲኤክስ ናት። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ዲኤክስ ምን እንደሆነች አይነገረውም። የተበላሸው የሹፌሩ በር አይደለም፣ የጋቢናው ነው። ይሄ ነገር ቀደም ብሎ ሊገርመኝ ይገባ ነበር። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚላላው የሹፌሩ በር ነው። ተሳፋሪ ኖረም አልኖረም ሹፌር ይወጣል፣ ይገባል። የኔዋ ላይ ግን የሹፌሩ በር ደህና ነው። የጋቢናው ሲከፈት ጫፉ ዘጭ ይላል። ሲዘጋ አይገጥምም። ወይ ወደ ላይ አንሥተህ ትገፋዋለህ፣ ወይ በኃይል ትወረውረዋለህ። "ድው!" ሲል ጎረቤቱ ሁሉ መግባታችንን ያውቃል።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። መሃል ላይ አንድ ጋራዥ ወስጃት ነበር። ከበሩ ኋላ ባለው የመኪናው ምሰሶ ላይ የበሩ ቁልፍ የሚነክሳት ብረት አለች አይደል? እሷን አላልተው ዝቅ አደረጓት። በሩ ስለወረደ እሷንም አወረዷት ማለት ነው። ለጥቂት ወራት ጥሩ ተዘጋ። ማጠፊያው ግን መበላቱን አላቆመም። በሩ እንደገና ወረደ፣ "ድው" ተመልሶ መጣ።

ከዚያ የታኅሣሥ ገብርኤል ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ መኪናዋ ተዳፋት ላይ ቆማለች። እማዬ ጋቢና ተቀምጣለች፤ አንድ እግሯ ገና ውጭ ነው። ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር። ነፋስ መጣ። ስቶፐሩ ቢይዝ ኖሮ በሩ ባለበት ይቆም ነበር። አልያዘም። በሩ ተመልሶ ቅልጥሟን መታት።

"ምንም አልሆንኩም፣ ንዳ" አለችኝ። ማታ ግን ቅባት ስትቀባው አየሁ። ከጉልበቷ በታች ጣት የሚያህል ሰንበር ወጥቷል። ባትሪ ይዤ ወጣሁና በሩን እዚያው በጨለማ መመርመር ጀመርኩ።

አመረማመሩ ቀላል ነው፤ እናንተም ዛሬ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። በሩን ግማሽ ድረስ ክፈቱት። ጫፉን ከሥሩ በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሡት፣ መልሱት። ሌላ ሰው በባትሪ ማጠፊያዎቹን ይይ። ማጠፊያው በሙሉ ከፊት ባለው፣ በታሰረበት ምሰሶ ላይ የሚላወስ ከሆነ ብሎኑ ነው የላላው፤ ታጠብቁታላችሁ፣ አለቀ። ማጠፊያው ረግቶ መሃሉ ላይ ያለው ፒን ብቻ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ፒኑ ወይም ቀዳዳው ተበልቷል። የምሰሶው ላሜራ ተሰንጥቆ ካያችሁ ደግሞ አትንኩት፤ እሱ የበያጅ ሥራ ነው። የኔው ፒኑ ነበር። ከላይም ከታችም።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ልንገራችሁ፤ እኔ ራሴ ስሠራው ገርሞኛል። በሩ ወደ 1 ሜትር ይረዝማል እንበል። በላይኛውና በታችኛው ማጠፊያ መካከል 40 ሴንቲሜትር አለ እንበል። ማጠፊያው ላይ 1 ሚሊሜትር ብቻ ቢላላ የበሩ ጫፍ 2 ሚሊሜትር ተኩል ይወርዳል። ለዚህ ነው ማጠፊያው ጋ ዓይን የማይሞላው ነገር ቁልፉ ጋ ሲደርስ በሩን አላስዘጋ የሚለው።

ቅዳሜ ጠዋት ጀመርኩ። መጀመሪያ የማጠፊያዎቹን ዙሪያ በሚስማር ጫፍ ጫርኩ፤ ሲመለሱ የት እንደነበሩ ይነግሩኛል። ክሪኩን ከበሩ ሥር አስገባሁ፣ በላዩ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ የታጠፈ አሮጌ ብርድ ልብስ። በሩ ከነመስታወቱ ቀላል ዕቃ አይደለም። ብቻዬን ስለሆንኩ አንድ አንዱን ማጠፊያ ነው የፈታሁት፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይይዛል። 12 ቁጥር የብሎን መፍቻ በቂ ነው። ብሎኖቹን ግን ማታውኑ ዘይት አጠጥቻቸው አድሬያለሁ። ይሄን አትዝለሉት። አርባ ዓመት የኖረ ብሎን በጉልበት ከተቆረጠ ሌላ ጣጣ ነው።

የላይኛው ፒን በመዶሻ ቀስ እያልኩ ስመታው ወጣ። መዳፌ ላይ አስቀመጥኩት። ጫፍና ጫፉ ድፍን ነው፣ ጥቁር። መሃሉ ግን በአንድ ጎን ብቻ ተልጦ እንደ ብር ያበራል። ጥፍሬን ሳሳልፍበት እርከኑ ላይ ያዘኝ። ካሊፐር በሚባለው መለኪያ ለካሁት። ደህናው ቦታ 8 ሚሊሜትር፣ የተበላው 7.2። በሁለተኛው ቅዳሜ የታችኛውን አወጣሁ። እሱም ተበልቷል፣ ግን በተቃራኒው ጎን።

ሁለቱን ጎን ለጎን ይዤ ብዙ ቆየሁ። የበሩን ጫፍ የሆነ ሰው ወደ ታች ሲጫነው የላይኛው ማጠፊያ ከምሰሶው ይጎተታል፣ የታችኛው ወደ ምሰሶው ይገፋል። ስለዚህ ነው በተቃራኒ ጎን የሚበሉት። የራሱ የበሩ ክብደት እንዲሁ ያደርጋል። ግን የሹፌሩ በርም ያንኑ ያህል ይመዝናል፣ እሱ ደግሞ ደህና ነው። ታዲያ የጋቢናውን ማን ተጫነው?

እማዬ። ጉልበቷን ያማታል። ስትነሣ በሩን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ መላ ክብደቷን እሱ ላይ ጥላ ነው የምትወጣው። ስትገባም እንዲሁ። በየሳምንቱ፣ በየወሩ ሚካኤል፣ በየለቅሶው፣ በየሐኪም ቤቱ ቀጠሮ። አንድ ቀን "እማዬ፣ በሩን አትደገፊው፣ ይላላል" ብያት አውቃለሁ። ዞር ብላ አየችኝና "ታዲያ ምን ልያዝ?" አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። ስለ በሩ ነበር የማስበው። አሁን ያ ጥያቄ ፒን ሆኖ መዳፌ ላይ ተቀምጧል።

ፒኖቹንና ማጠፊያዎቹን ይዤ አዲሱ ገበያ አካባቢ ያለ ቶርኖ ቤት፣ ብረት የሚቀርጹበት ማለቴ ነው፣ ወረድኩ። ማጠፊያዎቹን በየተራ ነው የወሰድኳቸው፤ ሁለት ቅዳሜ የፈጀብኝም ለዚህ ነው። ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። "ጋሼ፣ ፒን ብቻ ቢሠሩልኝ?" አልኳቸው። ማጠፊያውን ወደ ብርሃን አንሥተው በቀዳዳው አዩና "ልጄ፣ ቀዳዳውም እኮ እንቁላል ሆኗል። ፒን ብቻ ብሠራልህ በክረምቱ ትመለሳለህ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቀዳዳውን አስፍተው ክብ አደረጉት፣ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ የነሐስ ቀለበት፣ ቡሽንግ የሚሉትን፣ ቀረጹለት፣ በአዲስ ፒን ገጠሙት። ነሐስ ከብረቱ ስለሚለሰልስ ወደፊት የሚበላው እሱ ነው፤ ሲበላ እሱን ብቻ መቀየር ነው። ሲሠሩ ቆሜ አየሁ። ፒኑ በጣት ግፊት ብቻ፣ አየሩን እያስወጣ ሲገባ እንዴት ደስ እንደሚል!

ስቶፐሩን ለማውጣት የበሩን የውስጥ ልባስ ማንሣት ግድ ነው። የመስታወት ማዞሪያው ከኋላው ትንሽ የሽቦ ቅንጥብ አለችው። በካቻቢቴ ከታገላችኋት ልባሱን ትቀዱታላችሁ። ጨርቅ ከማዞሪያው ኋላ አስገቡና ጫማ እንደሚወለውል ሰው ወዲያና ወዲህ ሳቡት፤ ቅንጥቧ ተፈናጥራ ትወጣለች። የት እንደወደቀች እዩ እንጂ! ከልባሱ ኋላ ያለውን ላስቲክ አትጣሉት። የዝናብ ውሃ ወደ ጋቢና እንዳይገባ የሚያደርገው እሱ ነው።

ስቶፐሩ ሲወጣ ውስጡ ያለው ጎማ ደርቆ እንደ ቆሎ እጄ ላይ ረገፈ። ጠግኜው አይሆንም። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ ከተፈታ መኪና የወጣ አገኘሁ። እዚያ ስትገዙ ዘንጉን በእጃችሁ ሳቡት። እየነከሰ፣ እየታገለ መሄድ አለበት። በቀላሉ ከተንሸራተተ ያው የናንተው ዓይነት ነው፣ ተዉት። በነገራችን ላይ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። እነዚህ አሮጌ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት አብረውን የሚኖሩ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ሥራ በየግቢው ቢለመድ ደስ ይለኛል።

ከሶማሌ ተራ አንድ ሌላ ነገርም ገዛሁ። መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

መግጠሙ ላይ አትቸኩሉ። ማጠፊያዎቹን በጫርኩት ምልክት ላይ መለስኩ፣ ብሎኖቹን ግማሽ አጠበቅኩ፣ በሩን ዘግቼ በዙሪያው ያለውን ክፍተት አየሁ። ከላይ ጠባብ፣ ከታች ሰፊ ነበር። በክሪኩ ትንሽ ከፍ፣ እንደገና ማጥበቅ፣ እንደገና መዝጋት። አራት ጊዜ ሳልደጋግመው አልቀረሁም። ክፍተቱ እኩል ከሆነ በኋላ ነው ያቺን ዝቅ ያደረጓትን ብረት ወደ ቦታዋ የመለስኳት። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፤ በመጀመሪያ ማጠፊያው፣ እሷ በመጨረሻ። ልክ መሆኗን የምታውቁት በሩን በጣም ቀስ ብላችሁ ስትዘጉት ነው። ቁልፉ ሲነክስ በሩ ወደ ላይም ወደ ታችም መዝለል የለበትም። ከዚያ ወረቀት በጎማውና በበሩ መካከል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ያዝ ካደረገው አቧራም አይገባም። እኛ ሰፈር አቧራ ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ግሪስ ቀባሁ፣ የተረፈውን በጨርቅ ጠረግኩ። ካልተጠረገ አቧራ ይሰበስብና ፒኑን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ያ ሌላው ዕቃ የጣሪያ እጀታ ነው። ከጋቢናው በር በላይ የሚሆነው። የኔዋ ላይ ድሮ ተሰብሮ ቦታው ብቻ ቀርቶ ነበር። ስንት ዓመት ያን ሁለት ባዶ ቀዳዳ እያየሁ ነዳሁ። እማዬ ምን መያዝ እንደነበረባት አሁን ገባኝ።

እሑድ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። በሩን ከፈትኩላት። ነፋስ ነበር፤ በሩ ባለበት ቆመ። እጇ እንደ ልማዷ ወደ በሩ ሄደ። "እማዬ፣ ከላይ" አልኳት። ቀና ብላ አየችው። ያዘችው፣ ሳብ ሳብ አድርጋ ሞከረችው፣ ከዚያ ተቀመጠች። በሩን እኔ ልዘጋው ስል ቀድማኝ በሁለት ጣቷ ሳበችው። "ጠቅ" አለ።

"ተዘጋ እንዴ?" አለችኝ በመስኮቱ።

ከፍታ እንደገና ዘጋችው።

ነፋሱ በረታ፣ ማይኩን ልሰብስብ። በሉ ደህና ሁኑልኝ።