ፊርማቸው ያስፈረደባቸው

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ የደርግን ፍርድ ይዤ ብቻዬን መጥቻለሁ።

ይህ ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው «ዋናው ሰውዬ ሐራሬ ተቀምጦ ምን ፍርድ አለ?» ይላል። እውነት ነው፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የተፈረደበት በሌለበት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ወረቀቱ ነው። ደርግ እየጻፈ ነበር የሚገድለው! ማን «አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድ» እንዳለ፣ ማን እንደፈረመ፣ ቀበሌው ለበላዩ ምን ብሎ ሪፖርት እንዳደረገ፣ ማኅተም ተመትቶበት ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። በ1983 ሲወድቅ ይህን ሁሉ አላጠፋውም። በ1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግም ብዙውን ማስረጃ ያገኘው ከዚያው ነው።

ችሎቱ ታኅሣሥ 1987 ተጀመረ፤ ጥፋተኛ የተባሉት ታኅሣሥ 1999። 12 ዓመት! በዚህ መሀል ፍርዱን ሳይሰሙ ያረፉ እናቶች አሉ፤ እስር ቤት የሞቱ ተከሳሾችም አሉ። ክሱ የዘር ማጥፋት ነበር። ዓለም አቀፉ ስምምነት የፖለቲካ ቡድንን አይጨምርም፣ የእኛው የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግን አንቀጽ 281 ላይ ይጨምራል። ለጃንሆይ ዘመን ሕግ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ዕድሜ ልክ፣ በ2000 በይግባኝ ሞት፣ በ2003 እንደገና ዕድሜ ልክ፣ በ2004 መጀመሪያ ብዙዎቹ ተፈትተው ቤታቸው ገቡ። በመፈታታቸው አልከራከርም፤ 20 ዓመት ታስረዋል። የሚቆጨኝ ያ ሁሉ ሰነድ ሕዝቡ ጆሮ ሳይደርስ መቅረቱ ነው። ነገሩ ቀጠሮ በቀጠሮ ሲሆን ሰው ሰለቸው፣ ወደ ኑሮው ሄደ። ዛሬም ስለ ቀይ ሽብር ስንጨቃጨቅ «ማን ቀድሞ ተኮሰ» ላይ ነን። ደግሞ የተመረመረው የተሸናፊው ፋይል ብቻ ነው፤ አሸናፊው በረሃ ሳለ የሠራውን ማንም አልጠየቀውም። «የድል አድራጊ ፍርድ» የሚለው ሐሜት ከዚህ ነው የመጣው፣ ያለ ምክንያትም አይደለም።

አሁን ደግሞ ሚያዝያ 2016 የጸደቀ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አለ። ልዩ ፍርድ ቤት ይላል፣ የእውነት አጣሪ ኮሚሽን ይላል። መልካም። እኔ ግን ቶሎ የምጠይቀው ማስረጃውን ነው። ባለፉት ዓመታት ጦርነት «ግደሉ» ብሎ ማኅተም የመታ ሰው የሚገኝ አይመስለኝም፤ ትእዛዝ ዛሬ በስልክ ያልቃል። የሚቀረው የሰው ቃል ነው፣ የሰው ቃል ደግሞ ይሰደዳል፣ ይታመማል፣ ይሞታል። ፍርድ ቤቱ እስኪቋቋም ምስክሩን ማን ይመዘግበው?

ሐሳባችሁን በድምፅ ላኩልኝ፤ ሳምንት እንገናኝ።